የበላው ማን ነው?

ጣሊያናዊው ሐኪም ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ ለሠላሳ ዓመት ያህል ራሱን ሲመዝን ኖረ። ወንበሩን ከትልቅ ሚዛን ላይ አንጠልጥሎ የበላውንና የጠጣውን፣ ከዚያም ከሰውነቱ የወጣውን ሁሉ እየመዘገበ የደረሰበትን በ1614 በመጽሐፍ አሳተመ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሒሳቡ ግን አልገጠመለትም። በቀን ስምንት ሊብራ ምግብና መጠጥ የወሰደ ሰው በሽንትና በዓይነ ምድር የሚያስወጣው ሦስቱን ያህል ብቻ ነው፤ አምስቱ የት እንደገባ ዓይን አያየውም። ሳንቶሪዮ የማይታይ ላብ ነው አለ። ይህ ግማሽ መልስ ነበር። የቀረውን ግማሽ የሰጠው ፈረንሳዊው ላቮዋዚዬ ነው፤ በ1780ዎቹ መጀመሪያ ከላፕላስ ጋር ሆኖ ጊኒ ፒግ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠና፣ እንስሳዋ በሙቀቷ ያቀለጠችውን በረዶ ከተነፈሰችው አየር ጋር አስተያይቶ መተንፈስ ነበልባል የሌለው፣ ዝግ ያለ መቃጠል መሆኑን አሳየ። ከበላነው ውስጥ ውሃው ሲቀር አብዛኛው የሚወጣው በአፍንጫችን ነው። ዛሬም ይህን ለመቀበል የሚቸገር ብዙ ነው፤ የከሳ ሰው ስቡ ወዴት ሄደ ቢባል አንዱ ላብ ሆነ፣ ሌላው ወደ ጡንቻ ተለወጠ ይላል። አሥር ኪሎ ስብ ሲነድ ግን 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በሳንባ ይወጣል፤ የቀረው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል።

ይህን ሒሳብ የተቀበለ ሰው ስለ ገላው ያለውን ሥዕል መለወጡ አይቀርም። በልማድ ሰውነታችንን እንደ ጎተራ እናየዋለን፤ እህል ይገባበታል፣ እህል ይወጣበታል፣ ግድግዳው ግን ያው የትናንቱ ግድግዳ ነው። ከናዚዎች ሸሽቶ ኒው ዮርክ የገባው ሩዶልፍ ሾንሃይመር በ1930ዎቹ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ሥዕል አፈረሰው። በከባድ ሃይድሮጅንና በከባድ ናይትሮጅን ምልክት የተደረገባቸውን ስቦችና አሚኖ አሲዶች ለአይጦች አበላ። አይጦቹ እድገታቸውን የጨረሱ ናቸው፤ ክብደታቸው አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ስለዚህ የበሉት ሁሉ በቀጥታ ነድዶ መውጣት ነበረበት። አልሆነም። ከምልክቱ ትልቁ ድርሻ የተገኘው በአካላቸው ውስጥ ነበር። አዲሱ ምግብ ገብቶ አካል ሆኗል፣ የነደደው የትናንቱ አካል ነው። የጎተራው ግድግዳ ራሱ እህል ኖሯል።

ታዲያ ቁሱ እንዲህ የሚያልፍ ከሆነ የሚቀረው ምንድን ነው? ቅርጹ ነው፣ ሥርዓቱ ነው የሚለው መልስ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው፤ ትክክልም ነው። ግን መንገዱ አጋማሽ ላይ ቁጭ ይላል። ሥርዓት በነጻ አይቆምም፤ ያለ ማቋረጥ ኃይል ይበላል። ኃይሉን የሚያዘጋጀው ማን ነው ብለን ስንጠይቅ ደግሞ «እኔ» የሚለው መልስ ይስበናል። የሰው አንድነት ባዕዳን ጭምር የሚሠሩት፣ አንድ ቀን ቢታጎል የሚፈርስ ሥራ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ከባዕድ የጸዳ፣ አንዴ የተሰጠ ሀብት አድርገን ማየታችን ስለ መብላትም፣ ስለ በሽታም፣ ስለ ራሳችንም ያለንን አስተሳሰብ አጣሞታል።

ክርክሩ ከወሰን ይጀምራል። ሕዋሶቻችን ሥራቸውን የሚሠሩት ኤቲፒ በሚባል ንጥረ ነገር ኃይል ነው። በማንኛውም ቅጽበት በሰውነታችን ያለው ኤቲፒ ከሩብ ኪሎ አይበልጥም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ፈርሶና ተሠርቶ የሚያልፈው ግን ከሰውየው ከራሱ ክብደት ጋር ይቀራረባል። ይህ ሁሉ እንዴት ይሠራል? የሃያኛው ክፍለ ዘመን ኬሚስቶች በምግቡ መንደድና በኤቲፒው መሠራት መካከል አንድ ድልድይ የሚሆን ንጥረ ነገር እንዳለ ገምተው ለዓመታት ሲፈልጉት ቆዩ። አልተገኘም። እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል በ1961 ድልድዩ ንጥረ ነገር ሳይሆን ወሰን ነው አለ። ከምግቡ የሚገኘው ኃይል ፕሮቶኖችን ከአንድ ስስ ሽፋን ወዲያ ማዶ ይገፋል፤ የተገፉት ተመልሰው ለመግባት ሲጋፉ በሽፋኑ ላይ ተተክሎ በሚሽከረከር ፕሮቲን ውስጥ ያልፋሉ፤ ሽክርክሪቱ ኤቲፒ ይሠራል። የሽፋኑ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ እንኳ አይደርስም፤ በሁለቱ ገጾቹ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት በሜትር ቢሰላ ሠላሳ ሚሊዮን ቮልት ያህል ይሆናል። ሚቸል ዩኒቨርሲቲውን ትቶ በኮርንዎል ገጠር ባደሰው አሮጌ ቤት ውስጥ ምርምሩን ቀጠለ፤ ከባልደረቦቹ ጋር የተደረገው ሙግት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ፤ በ1978 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የፍልስፍና ሰዎች ይህን ግኝት ችላ ማለታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። «ውስጥ» እና «ውጭ» የሚል ልዩነት ከሌለ ምግብ ሊነድ ይችላል፤ ሕይወት ግን ከመንደዱ አንዳች አያተርፍም።

ለዚህ ክፉ ማስረጃ አለ። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዳይናይትሮፌኖል የሚባል ኬሚካል ማክሻ መድኃኒት ሆኖ ይሸጥ ነበር፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወስደውታል። ኬሚካሉ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ስስ ሽፋን አሳላፊ ያደርገዋል። ፕሮቶኖቹ በሚሽከረከረው ፕሮቲን ማለፋቸውን ትተው በየቦታው ይሾልካሉ። ሰውነት የኤቲፒ እጥረት ሲሰማው ምግቡንና ስቡን ይበልጥ ያነዳል፤ የሚነደው ሁሉ ግን ሙቀት ብቻ ይሆናል። ወሳጁ በእርግጥ ይከሳል። መጠኑ ትንሽ ሲያልፍ ደግሞ ላብ አጥምቆት፣ ትንፋሹ እየፈጠነ፣ የገላው ሙቀት ሐኪም ሊያበርደው ከማይችለው ደረጃ ወጥቶ ይሞታል። መድኃኒቱ በ1938 ታገደ። በእነዚያ ሰዎች ገላ ውስጥ ምግብ አልጎደለም፣ አየር አልጎደለም፣ መቃጠሉም ከወትሮው የበለጠ ነበር። የጎደለው ወሰን ብቻ ነው።

ወሰኑ ያለው የት ነው ስንል የባዕዱ ነገር ይመጣል። ሽፋኑ የሚገኘው በሕዋሶቻችን ውስጥ ባሉት ማይቶኮንድሪያ ነው። ሊን ማርጉሊስ በ1967 ባሳተመችው ጽሑፍ እነዚህ ክፍሎች በጥንት ዘመን ሌላ ሕዋስ ውስጥ ገብተው የቀሩ ባክቴሪያዎች ናቸው ብላ ተከራከረች፤ ጽሑፉ እስኪታተም ድረስ አሥራ አምስት ያህል መጽሔቶች መልሰውባታል። ዛሬ የሚጠራጠር የለም። ማይቶኮንድሪያ የራሳቸው ዘረመል አላቸው፤ እንደ ባክቴሪያ ዘረመል ክብ ነው፤ የሰው በ1981 ካምብሪጅ ላይ ሲነበብ 16,569 ፊደል ሆኖ ተገኘ፤ የያዛቸውም ጂኖች 37 ብቻ ናቸው። የቀሩት ጂኖች በሺህ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ወይ ጠፍተዋል ወይ ወደ ሕዋሱ ዋና ማኅደር ተዛውረዋል። የምንወርሳቸውም ከእናታችን ብቻ ነው። እንግዲህ ምግባችንን ከኤቲፒ የሚያገናኘው ወሰን የተዘረጋው በጥንቱ እንግዳ ገላ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ይገባኛል። የትውልድ ሐረግ ማንነትን አይወስንም፤ ከሺህ ሚሊዮን ዓመት በላይ የኖረ እንግዳ እንግዳ አይባልም፤ ማይቶኮንድሪያ ዛሬ እንደ ጉበትና እንደ ኩላሊት የገላችን ክፍል ናቸው፣ አለቀ። ተቃውሞው ትክክል ይሆን ነበር፣ ገላው ራሱ ቢስማማበት። አይስማማም። ክሎራምፌኒኮል ባክቴሪያን የሚገታው ፕሮቲን የሚሠራበትን መሣሪያ በማሰናከል ነው፤ የማይቶኮንድሪያ መሣሪያ ከባክቴሪያው ስለሚመሳሰል መድኃኒቱ ሲበዛ የራሳችንን መቅኒ ያዳክማል። ስትሬፕቶማይሲንና ጀንታማይሲን ደግሞ በማይቶኮንድሪያቸው ዘረመል ላይ አንዲት የታወቀች ለውጥ በእናታቸው በኩል የወረሱ ሰዎችን ጆሮ ያደነቁራሉ፤ ያቺ ለውጥ መሣሪያቸውን ይበልጥ የባክቴሪያ አስመስላዋለችና። አጥንቱና ጡንቻው የተሰባበረ ሰው ደም ውስጥ ደግሞ ከተቀደዱ ሕዋሶች የፈሰሰ የማይቶኮንድሪያ ዘረመል ይገኛል፤ የበሽታ መከላከያ ኃይሉ ባክቴሪያ የገባ መስሎት ይነሳል፣ አንድም ጀርም ሳይኖር ደም የተመረዘ የሚመስል ትኩሳትና መቆጣት ይከተላል። መድኃኒቱም የመከላከያ ኃይሉም አሮጌውን መታወቂያ አሁንም ያነባሉ። በሰላም ቀን የራሳችን የሆነው በአደጋ ቀን ባዕድ ሆኖ ይቆጠራል ማለት «የራስ» መሆን ቦታን ጠብቆ በመሥራት የሚገኝ ማዕረግ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛዎቹ ባዕዳን ገና ከደጅ ናቸው። ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ያለው መተላለፊያ በትክክለኛው ስሌት ከገላችን ውጭ ነው፤ በውስጣችን የሚያልፍ ውጭ እንበለው። በትልቁ አንጀት የሚኖሩት ባክቴሪያዎች እኛ የማንችለውን ያውቃሉ። የሰው ልጅ ውስብስብ ስታርችና አሰር የሚፈጩለት ኢንዛይሞች ብዛታቸው ከሃያ አያልፍም፤ ከአንጀታችን ባክቴሪያዎች አንዷ ብቻዋን ከሁለት መቶ በላይ አላት። ትንሹ አንጀት አልፈጨውም ብሎ የለቀቀው የእህልና የቅጠል አሰር እዚያ ሲደርስ ይብላላል። ኦክስጅን ስለሌለ ግን ባክቴሪያዎቹ ምግባቸውን እስከ መጨረሻው ማንደድ አይችሉም፤ ኃይሉ ያላለቀ ትርፍ ይቀራቸዋል፤ አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔት፣ ቡቲሬት። ትርፉን ወስደው የሚያነዱት የአንጀቱ ግድግዳ ሕዋሶች ናቸው፤ ከዋና ምግባቸው አንዱ ቡቲሬት ነው፤ የሚያነዱትም በማይቶኮንድሪያቸው። ከውጭ ያሉት ባክቴሪያዎች የጀመሩትን፣ ከውስጥ ያሉት የጥንት ባክቴሪያ ልጆች ይጨርሱታል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። የግድግዳው ሕዋሶች ቡቲሬት ሲያነዱ ከደሙ የመጣውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ስለዚህ ወደ አንጀቱ ውስጥ የሚሾልክ ኦክስጅን አይኖርም፤ ቡቲሬት የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ ኦክስጅን ባለበት መኖር የማይችሉ ናቸው። የቤታቸውን አየር የሚጠብቅላቸው እነሱ ራሳቸው የሚቀልቡት ግድግዳ ነው። አንቲባዮቲክ ቡቲሬት ሠሪዎቹን ሲፈጃቸው ግድግዳው መንደዱን ይቀንሳል፣ ኦክስጅን ይሾልካል፣ ኦክስጅን የሚወዱት እነ ሳልሞኔላ ይገባሉ። እንዲህ ካለው ዙር ውስጥ የሰውን ድርሻ በመቀስ ቆርጦ ማውጣት የሚችል ሰው ቢኖር ቁራጩን አሳየኝ እለዋለሁ።

የእናት ወተት ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳምነኛል። በሰው ወተት ውስጥ ካሉት ጠጣር ነገሮች ከላክቶስና ከቅባት ቀጥሎ በብዛቱ ሦስተኛ የሆነው ሕፃኑ ጨርሶ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት ነው፤ ዓይነቱም ከመቶ በላይ ይሆናል። የሚያጠባ ገላ ከራሱ ቀንሶ የሚሠራው ወተት ውስጥ ለልጁ የማይሆን ምግብ ይህን ያህል መኖሩ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ነበር። ምግቡ በሕፃኑ አንጀት ለሚኖሩት ቢፊዶባክቴሪያዎች ነው። እናት ስታጠባ በአንድ ጡት ሁለት ትቀልባለች። የኢትዮጵያ ጓዳ ደግሞ የባክቴሪያውን ሥራ ከአፍ በፊት ያስጀምረዋል። ባለፈው ሊጥ ላይ ጠልሎ የተቀመጠው እርሾ በአዲሱ የጤፍ ሊጥ ላይ ይጨመራል፤ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ሊጡን ያኮመጥጡታል። ጤፉ ውስጥ ብረትና ዚንክን አንቆ የያዘው ፋይቴት የሚባለው ነገር በዚህ ጊዜ እየተሰባበረ ይቀንሳል፤ ሰውነት ማዕድኑን ማግኘት ይቀለዋል። አብሲቱ ተጥሎ ሊጡ ኩፍ ብሎ ምጣድ ላይ ሲወጣ የመፍጨቱ ሥራ ከፊሉ ተጠናቋል፤ የሆድ ድርሻ ከጓዳው የተረፈው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ባክቴሪያዎቹ ጠቃሚ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያለ እነሱ መኖር ግን ይቻላል፤ ስለዚህ ጎረቤት እንጂ የቤቱ ሰው አይደሉም። ከተሕዋስያን በጸዳ ክፍል ውስጥ ተወልደው የሚያድጉ አይጦች በእርግጥ ይኖራሉ። ፍሬድሪክ ቤኬድና ጄፍሪ ጎርደን በ2004 ሴንት ሉዊስ ላይ ያወጡት ጥናት እንዳሳየው ባክቴሪያ ያላቸው አይጦች ከጸዱት 29 ከመቶ ያነሰ እየበሉ 42 ከመቶ የበለጠ ስብ ነበራቸው፤ የጸዱት ባክቴሪያ ሲሰጣቸው በ14 ቀን ውስጥ ስባቸው በ60 ከመቶ ያህል ጨመረ። ቁጥሩን ትቼ የአኗኗራቸውን ሁኔታ ልብ እላለሁ። እነዚያ አይጦች የሚኖሩት አየሩ በተጣራ፣ ምግቡ በተቀቀለና ቪታሚን ኬ በተጨመረበት የታሸገ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የባክቴሪያዎቹን ሥራ የሚሠሩላቸው የቤተ ሙከራ ሠራተኞች ናቸው። ሥራው አልቀረም፣ ሠሪው ተለወጠ። ከሳጥኑ በወጡ ዕለት ባዕዳኑ ሳይጠሩ ይገባሉ። ተቃውሞው ያረጋገጠው ባክቴሪያዎቹን በሌላ መተካት እንደሚቻል ነው፤ ያለ ማንም ብቻን መኖር እንደሚቻል አላረጋገጠም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሳይንስ ወዳጆች ይመጣል፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። ስለ አንጀት ባክቴሪያ የሚነገረው ብዙ ነገር ግነት ነው። ባክቴሪያዎቻችን ከሕዋሶቻችን አሥር እጥፍ ይበልጣሉ የሚለው አባባል ለአርባ ዓመት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖሮ በ2016 በቁም ነገር ሲሰላ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ በ30 ትሪሊዮን የሰው ሕዋስ ሆነ፤ የባክቴሪያዎቹ ክብደትም ሁለት መቶ ግራም ያህል ብቻ። የትርፋቸው አሲድ ለአዋቂ ሰው የሚያዋጣው ኃይልም ከቀን ፍላጎቱ ከአሥር እጁ አንዱ ቢሆን ነው። ከቀጭን ሰው የተወሰደ ዓይነ ምድር ለወፍራም ሰው ሲሰጥ በአይጦች የታየው ውጤት በሰው ላይ አልተደገመም፤ በየመደብሩ የሚሸጠው ፕሮባዮቲክ ከነማስታወቂያው ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ማባከኛ ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ክርክሬ የቆመው ግን በብዛታቸው ላይ አይደለም። በ2013 አምስተርዳም ውስጥ በአንቲባዮቲክ አንጀታቸው ተራቁቶ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለ ባክቴሪያ ተቅማጥ እየመላለሰ ካሠቃያቸው 16 ሕሙማን 13ቱ ከጤናማ ሰው በተወሰደ ዓይነ ምድር በአንድ ጊዜ ተፈወሱ፤ በኃይለኛው መድኃኒት በቫንኮማይሲን ብቻ የታከሙት ከ13 አራቱ ብቻ ናቸው የዳኑት። የሕሙማኑ የራሳቸው ሕዋሶች በቦታቸው ነበሩ። የጎደለባቸው የሌሎቹ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሥነ ምግባር በኩል ነው። በላተኛው አንድ ካልሆነ፣ ኃይሉም የብዙዎች ከሆነ፣ ለሆዳምነትም ለመታቀብም ተጠያቂው ማን ነው? «ባክቴሪያዬ አስበላኝ» የሚል ዘመን ሊመጣ ነው? የዐቢይ ጾምን ነገር እንመልከት። ጿሚው ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ይተዋል፤ በሳህኑ ላይ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ጎመን ይበዛል። እነዚህ አሰራቸው ብዙ ስለሆነ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ትልቁ አንጀት ድረስ የሚዘልቅ ምግብ ያመጣሉ፤ ሰውየው ሲጾም ባክቴሪያዎቹ ፋሲካ ላይ ናቸው ብንል ቀልድ ብቻ አይሆንም። ቢሆንም ጾሙን የጾሙት እነሱ አይደሉም። አልበላም የሚለው ውሳኔ ከሠላሳ ሰባቱ ጂኖችም ከቡቲሬት ሠሪዎቹም አልመጣም፤ ሥራቸው ተጋጥሞ ከሚያቆመው ከሙሉው ሰው መጣ፤ ተጠያቂነቱም ከዚያው ጋር ይሄዳል። አንድነት የሥራ ውጤት ነው ማለት የለም ማለት አይደለም፤ የተሠራ ቤትም ቤት ነው። የሚለወጠው ውሳኔው በምን እንደሚቆም ያለን ግንዛቤ ነው። አንጎል ከክብደታችን ሃምሳኛው እጅ ሆኖ ሳለ በዕረፍት ሰዓት ከኃይላችን አንድ አምስተኛውን ይወስዳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ሲራብ አልበላም ማለቱን የሚቀጥለው ጉበቱ ማታ ካስቀመጠው መቶ ግራም ያህል ስኳር እየተበደረ ነው፤ ጾሙ ቀናት ቢገፋ ደግሞ ጉበቱ ስብን ወደ ኬቶን ለውጦ ለአንጎል መላክ ይጀምራል፤ ያንን ስብ የሚሰብሩት የጉበቱ ማይቶኮንድሪያ ናቸው።